ዳኛ ከገፋሁበት ቀን በፊትና በኋላ

ዛሬ ደሴ ውስጥ የአንድ ታዳጊ ቡድን መሪ ሆኜ እሠራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በአካባቢያችን ካሉ ክለቦች በአንዱ፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ፣ በመሐል ተከላካይነት የተጫወትኩ ሰው ነኝ። በጨዋታ ላይ ዳኛ ገፍቼ ለአንድ ዓመት ታግጃለሁ። የክለቡን፣ የዳኛውንም ሆነ የቀጣኝን የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ተጫዋች ቀይ ካርድ ካየባት ደቂቃ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለበትና ከምን መቆጠብ እንዳለበት እኔን የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ተሞክሮዬ ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ወላጅ ወይም ለአንድ የቡድን መሪ ይጠቅም ይሆናል በሚል ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዳኛው አይደለም፤ ከሀረጎ ነው። እኔ የምኖረው ደሴ፣ ልምምዳችን ደግሞ ኮምቦልቻ ስለነበረ በየማለዳው በሚኒባስ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ነበረብኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ጉም በወረደ ቀን ከላይኛው መንገድ ላይ የፊተኛው መኪና እንኳ አይታይም። መጀመሪያ ያረፈድኩ ዕለት ምክንያቴ እውነተኛ ነበር፤ አሰልጣኙም «አብሽር» ብሎ ከጓደኞቼ ጋር ቀላቀለኝ። ሁለተኛውም እውነት ነበር። በሦስተኛው ግን እንቅልፍ ጥሎኝ አርፍጄ ሳበቃ «ኮች፣ ሀረጎ ጉም ነበር» አልኩት። እርሱም የደሴ ሰው በመሆኑ ከግማሽ ሰዓት በፊት በዚያው መንገድ ወርዷል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር ያውቃል፤ እንደሚያውቅም እኔ አውቃለሁ። ዝም አለኝ። እሑድ ከባድ ጨዋታ ነበረብን።

በመልበሻ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የክለቡ የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ ማኅተም ታትሞበት ተለጥፎ ነበር፤ ያረፈደ ከደሞዙ እንደሚቆረጥበት፣ ልምምድ ረግጦ የወጣ ደግሞ ከቀጣዩ ጨዋታ ውጭ እንደሚሆን በግልጽ ይናገራል። በዚያው ሳምንት ከተስፋ ቡድን ያደገ አንድ ልጅ አሥር ደቂቃ አርፍዶ ተቆረጠበት። እኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ብር አልተቆረጠብኝም። ወጌሻውን ሰድቤአለሁ፤ የልምምድ ሰደርያዬን አውልቄ አሰልጣኙ እግር ሥር ጥያለሁ። በአንድ የውድድር ዘመን ካየኋቸው ቢጫ ካርዶች አብዛኞቹ በእግሬ ሳይሆን በአፌ ያመጣኋቸው ነበሩ፤ ደጋፊው ይህን «ወኔ» ይለው ስለነበር እኔም ወኔ ነው ብዬ አመንኩ። ተጫዋች ሲያጠፋ ሰው ሁሉ «ያን ቀን ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን ያን ቀን ምንም አልነካኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈቀደልኝን ነገር ነው ያደረግሁት፤ ልዩነቱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የማይፈቅድ ሰው ፊት ማድረጌ ነው።

ጨዋታው ኮምቦልቻ፣ በሜዳችን ነበር። በ83ኛው ደቂቃ፣ ያለ ግብ እንደተያያዝን፣ የተጋጣሚያችን አጥቂ ከአጠገቤ በቅጣት ክልላችን ውስጥ ወደቀ፤ ዳኛውም ፊሽካውን ነፍቶ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡን አመለከተ። ዛሬም ቢሆን ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ይህ እምነቴ ግን ቀጥሎ ለሆነው ነገር አንዳች ፋይዳ የለውም። ሮጬ ሄጄ በሁለት እጄ ደረቱን ገፋሁት። አልወደቀም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና ቀይ ካርዱን አወጣ። ሁለተኛ እንዳልደርስበት ከወገቤ ይዞ ጎትቶ ያወጣኝ አምበላችን ነው። ይህን ሰው አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጨዋታው አልቆ ዳኞቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሲያመሩ፣ በሜዳው ጠርዝ ጠብቄ ዋናውን ዳኛ በእናቱ ሰደብኩት። የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ ወዲያ የሚባለው ሁሉ የመንደር ጠብ እንጂ የጨዋታ አካል አይደለም ብዬ ነበር የማስበው። ብዙ ተጫዋቾች አሁንም እንዲሁ ያስባሉ። በእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ 5 መሠረት ግን የዳኛው የዲሲፕሊን ሥልጣን የሚጀምረው ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ለመመርመር ከገባበት ጊዜ ሲሆን፣ የሚያበቃውም ጨዋታው ተጠናቆ ሜዳውን ሲለቅ ነው። ስለዚህ ስድቤ ከመግፋቱ ጋር ሳይደባለቅ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ በሪፖርቱ ላይ ሰፈረ። ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች በዚያች ሰዓት ለራሱ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ውለታ ወደ መልበሻ ክፍል ገብቶ መቀመጥ ነው፤ የቡድን መሪውም ሌላውን ሥራ ትቶ በሩ ላይ ቢቆም ይሻላል።

ማታውን የክለቡ ሰዎች በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤው እኔ ዳኛውን ለማነጋገር እየሮጥኩ ሳለ እግሬ ተንሸራትቶ፣ እንዳልወድቅ ስል እጄ ደረቱን እንደነካው ይተርካል። ከሥሩ አምበላችንና ሁለት ተጫዋቾች ለምስክርነት እንዲፈርሙ ስማቸው ተጽፏል። አምበሉ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያየው ቆየና «ለአንተ ስል ነው» ብሎኝ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ሳሩ ያን ቀን ደረቅ እንደነበር ከመካከላችን ያነሣ ሰው የለም።

በዚህ ረገድ ከዓለም ትልቁ መድረክ የታየ ትምህርት ነበረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ላይ ኡራጓዊው ሉዊስ ሱዋሬዝ የጣሊያኑን ተከላካይ ጆርጆ ኪየሊኒን ትከሻውን ነከሰ። ለፊፋ በጽሑፍ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ሚዛኑን ስቶ በተጋጣሚው ላይ እንደወደቀና ፊቱ እንደተጋጨ የሚናገር ነበር። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየውን ነገር እንዲህ ብሎ ማስተባበል ምንም አልጠቀመውም፤ ዘጠኝ ዓለም አቀፍ ጨዋታ፣ አራት ወር ከማንኛውም የእግር ኳስ እንቅስቃሴ መታገድና 100,000 የስዊስ ፍራንክ ተፈረደበት። ይቅርታ የጠየቀው ቅጣቱ ከተነገረ ከቀናት በኋላ ነው። የእኛ ደብዳቤ ሲጻፍ ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ስንስቅበትም ከርመናል። የራሳችን እግር «ሲንሸራተት» ግን ትዝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

የሪፖርት አሠራሩን ባውቅ ኖሮ ለመዋሸት አልደፍርም ነበር። የጨዋታውን ሁኔታ የሚጽፈው ዋናው ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ረዳቶቹና አራተኛው ዳኛ ያዩት አለ፤ የጨዋታው ኮሚሽነርም ለብቻው ሪፖርት ያቀርባል። በፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ እነዚህ ሪፖርቶች የያዟቸው ፍሬ ነገሮች ትክክል እንደሆኑ ይገመታል፤ ስህተት ነው የሚል ወገን ማስረጃ ማቅረብ ይችላል፤ ሸክሙ ግን በእርሱ ላይ ነው። የእኛ ማስረጃ ሦስት ፊርማ ነበር። ኮሚቴው ዘንድ ከተመልካች መቀመጫ በስልክ የተቀረጸ የ20 ሰከንድ ምስል ቀድሞን ደርሷል። ከሰብሳቢው የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን አንሥተው «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ምስሉን አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውሰውም።

እኔ አንድ ዓመት ታገድኩ። አምበሉ በሐሰት ምስክርነት የገንዘብ ቅጣትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ የአምበልነቱን ሪባንም ክለቡ ቀማው። ከወገቤ ይዞ ከባሰ ነገር ያወጣኝ እርሱ ነበር። ደብዳቤውን ያዘጋጁት ሰዎች ምንም አልሆኑም።

ስለ ሽምግልናው ልናገር፤ በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ሳይነሣ የሚያልፍ ነገር የለምና። ውሳኔው በተሰማ በሳምንቱ አባቴ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዞ ዳኛው እስከሚኖርበት ከተማ ድረስ ሄደ። ዳኛው ቡና አስፈልቶ ተቀበላቸው፤ ይቅር አለኝም፤ ይቅርታውንም በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። አባቴ ደሴ ሲመለስ «አለቀ» አለኝ። ወረቀቱን ይዘን ስንሄድ ግን ኮሚቴው የዳኛውን ይቅርታ በአክብሮት እንደሚመለከተውና ውሳኔው ግን እንደማይለወጥ ገለጸልን፤ ጥፋቱ በጨዋታው ላይ እንጂ በግለሰቡ ላይ ብቻ የተፈጸመ አይደለም የሚል ነበር ምክንያቱ። አባቴ እጅግ ተቀየመ። «እግዜርም አላህም ይቅር ያሉትን እነርሱ አናልፍም የሚሉት ምን ቆርጧቸው ነው?» እያለ መንገዱን ሁሉ ሲናገር መጣ።

እኔ በጊዜው ከአባቴ ጋር ነበርኩ። አሁን የቡድን መሪ ሆኜ ሳየው ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ነበሩ። ሽምግልና የሰውን ቂም ይፈታል፤ ከዚያ ዳኛ ጋር ዛሬ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ብንገናኝ ተሳስመን ነው የምንለያየው፤ ይህን ኮሚቴው ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ቅጣቱ ግን ለሚቀጥለው እሑድ ዳኛ ነው። ያኔ ያጠፋነው ቅደም ተከተሉን ነው። ጉዳዩ ከመታየቱ በፊት፣ ከእውነተኛ ቃል ጋር የቀረበ ይቅርታ እንደ ማቅለያ ሊታይ ይችላል፤ ከውሸት ደብዳቤ በኋላ፣ ያውም ከውሳኔ በኋላ የመጣ ይቅርታ ግን እንደ ልመና ነው የሚቆጠረው። አንድ ነገር ላክል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቅንነት ዳኛውን «ሪፖርቱን ትንሽ ለዘብ አድርገው» ብለውት ኖሯል። ዳኛው በትሕትና አለፋቸው እንጂ ቢያሳውቅ ኖሮ በራሱ ሌላ ክስ ይሆን ነበር። ሽማግሌ ላኩ፤ ስለ ሪፖርቱ ግን አንዲት ቃል እንዳያነሡ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ቅጣቱ በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ለረጅም ጊዜ አብሰልስሎኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 የሼፊልድ ዌንስዴዩ ፓኦሎ ዲ ካኒዮ ከአርሰናል ጋር በተደረገ ጨዋታ ቀይ ካርድ ያሳየውን ዳኛ ፖል አልኮክን ገፍቶ 11 ጨዋታ ታግዷል፤ ዳኛው እየተንገዳገዱ ሲወድቁ የሚያሳየውን ምስል ልጅ ሆነን ደጋግመን አይተን ስቀናል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ እየጠበቀ ሄዷል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዲሲፕሊን ደንብ ተጋጣሚን መምታት ቢያንስ ሦስት ጨዋታ፣ በዳኛ ላይ ያልተገባ ባሕርይ ማሳየት ቢያንስ አራት ጨዋታ፣ ዳኛን መምታት ደግሞ ቢያንስ 15 ጨዋታ ወይም ተመጣጣኝ ጊዜ ያሳግዳል። እነዚህ መነሻዎች ናቸው፤ የየአገሩ ውድድር የራሱ ደንብ ስላለው፣ ተጫዋች በየዓመቱ ቴሴራውን፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያውን፣ ሲቀበል ያንን ደንብ አብሮ ሊቀበል ይገባል። እኔ በስድስት ዓመት የተጫዋችነት ዘመኔ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

የእገዳ ዓመት ከውጭ እንደሚታየው ዕረፍት አይደለም። መጀመሪያ የውሳኔውን ቃል አጥርታችሁ አንብቡ፤ «ከጨዋታ» መታገድና «ከማንኛውም የእግር ኳስ እንቅስቃሴ» መታገድ የተለያዩ ናቸው። ሱዋሬዝ ከአዲሱ ክለቡ ጋር ልምምድ መሥራት የቻለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ እገዳውን በኦፊሴላዊ ጨዋታዎች ብቻ ከወሰነለት በኋላ ነው። ሁለተኛው ደሞዝ ነው። ክለቤ በሁለተኛው ወር ደሞዜን አቆመ። ውሌ በእገዳ ጊዜ ስለሚከፈለው ነገር ምን እንደሚል ለማየት ከሣጥን ሳወጣው፣ ከፈረምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበቤ ነበር፤ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። የፊርማ ገንዘቡን ቆጥሬ ተቀብያለሁ፤ ገጹን ግን አልቆጠርኩም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ሥራ ፈትቼ ፒያሳ አካባቢ ስውል፣ በገንዘብ የሚወራረድ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በየጊዜው ቡና ይጋብዘኝ ጀመር፤ ቀስ እያለም «በረኛችሁ ተሽሎታል? እሑድ ማን ይሰለፋል?» እያለ ይጠይቀኛል። ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ሁለተኛውን ጊዜ 500 ብር በኪሴ ከተተልኝ። ታግጃለሁና ከደንቡ ውጭ ነኝ፤ እኔ አልተወራረድኩም፤ የማወራውም ከጓደኛዬ ጋር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሦስቱም ስህተት ነበር። የታገደ ተጫዋች አሁንም በደንቡ ሥር ነው። የእንግሊዙ ኪራን ትሪፒየር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ለአሥር ሳምንት የታገደው ራሱ ተወራርዶ አይደለም፤ ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ስለሚያደርገው ዝውውር ለወዳጆቹ በመናገሩ ነው። ራሳቸው የተወራረዱት ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍለዋል፤ ኢቫን ቶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 በ232 ጥሰቶች ስምንት ወር፣ ሳንድሮ ቶናሊም በዚያው ዓመት አሥር ወር ታግደዋል።

ጓደኛዬ በሦስተኛው ጊዜ የመጣው በሌላ ነገር ነው። ያን አርፍዶ ደሞዙ የተቆረጠበትን ልጅ እንዳነጋግርለት ጠየቀኝ፤ ልጁ በእኔ ቦታ ተተክቶ ይጫወት ነበር፤ «በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ» አለኝ። ደነገጥኩ፤ እምቢ ብዬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህም ቡናውን አልጠጣሁም። ለማንም ግን አላሳወቅሁም። በፊፋ ደንብ የጨዋታን ውጤት ወይም ሂደት ማዛባት ቢያንስ አምስት ዓመት እንደሚያሳግድ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት ወዲያውኑ ያላሳወቀም ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደሚታገድ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። እምቢ ማለቴ ግማሽ መንገድ ነበር። ሳልቀጣ የቀረሁት ጨዋ ስለሆንኩ ሳይሆን ማንም ስላላወቀብኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ተጫዋች በዚያው ቀን፣ ቀኑንና የተባለውን ቃል ጽፎ ለክለቡ ወይም ለፌዴሬሽኑ ያሳውቅ።

እገዳዬ ሲያበቃ ከጦሳ ተራራ ሥር እየሮጥኩ ያቆየሁት ሰውነት ቢኖረኝም የጨዋታው ፍጥነት ጥሎኝ ሄዶ ነበር። በዝቅተኛ ደሞዝ ሁለት ዓመት ተጫውቼ አቆምኩ።

አሁን በያዝኩት ሥራ ከሁሉ የማስቀድመው አንድ ደብተር ነው። እያንዳንዱን ቢጫና ቀይ ካርድ ከነምክንያቱ እጽፍበታለሁ፤ በጥፋት የመጣውን በሰማያዊ፣ በአፍ የመጣውን በቀይ ብዕር። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፎ ሳለ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ለውጦ ሦስት ነጥብ እንደነጠቀን ስነግራቸው ግን ዝም ይላሉ። ያ ጥፋት የተጫዋቹ አልነበረም፤ ካርድ መቁጠር የነበረባቸው ሰዎች ጥፋት ነው። ቡድናችን በመጨረሻው ጨዋታ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ባያልፍ ኖሮ፣ አንድ ደብተር ባለመያዙ ዕድሜ ልክ የሚቆጭ ትውልድ ይኖረን ነበር። ቀዩ መስመር ሲበዛ ደግሞ ልጁን ካርዱ ሳይሆን ደብተሩ ከሜዳ ያወጣዋል፤ የቡድናችን ምርጥ አጥቂ ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት አንድ ጨዋታ አርፏል፤ ተሸንፈናል።

ቀይ ካርድ በወጣ ማታ፣ ማንም ምክር ከመስጠቱ በፊት፣ ልጁን ለብቻው አስቀምጬ የሆነውን በራሱ እጅ አስጽፈዋለሁ። ያልሆነ ነገር እንዲጨምር ወይም የሆነ ነገር እንዲያስቀር አልፈቅድም። ምስል ካለ፣ ቢጎዳንም እንኳ፣ ፈልገን እናየዋለን፤ ኮሚቴው ዘንድ ከእኛ ቀድሞ መድረሱ አይቀርምና። በሪፖርቱ ላይ በእውነት የተሳሳተ ነገር ካለ ያንን ብቻ ነቅሰን፣ በደንቡ በተወሰነው የቀን ገደብ ውስጥ እናመለክታለን፤ ከገደቡ አንድ ቀን ያለፈ ይግባኝ የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ የሚያነበው የለም።

ባለፈው የውድድር ዘመን አንድ የ17 ዓመት አማካይ ረዳት ዳኛውን ሰድቦ በቀይ ወጣ። በማግሥቱ በራሱ የእጅ ጽሑፍ አራት መስመር ላክን፤ የሰደበበትን ቃል ሳይቀር ጽፎታል። ኮሚቴው የደንቡን ዝቅተኛ ቅጣት ሰጠው፤ ልጁ አርፎ ተመለሰ። አባቱ ግን ደብዳቤውን ሲያይ «ልጄን አሳልፈህ ሰጠኸው፤ ሌላ መሪ ቢሆን አልተሳደበም ብሎ ይሟገትለት ነበር» አለኝ። እስካሁን ሆጤ ሜዳ ልጁን ሊያይ ሲመጣ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ይጨባበጣል፤ የእኔን ሰላምታ ግን የሚመልሰው በግማሽ አፍ ነው።